መኪናው ሲያልበው፦ በክረምት መስታወቱ ጉም እንዳይለብስ ምን እናድርግ?

ሐምሌ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወጣሁ ነው። ዝናቡ ይዘንባል ሳይሆን ይደፋል። መኪናው ውስጥ አምስት ነን፤ እኔ፣ አክስቴ፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውና አንድ ልጅ። ከለቅሶ ቤት ነው የምንመለሰው። የሴቶቹ ነጠላ ርሷል። ጃንጥላዎቹ እግር ሥር ያንጠባጥባሉ። ስድስት ኪሎ ሳንደርስ የፊቱ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ነጣ።

በእጅጌዬ ጠረግኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ መልሶ ነጣ። በሶፍት ጠረግኩት። የሶፍቱ ብናኝ ተለጠፈበትና ባሰ።

«እትዬ፣ ትንሽ መስኮት ልክፈት?»

«በስመ አብ! በዚህ ዝናብ? በብርድ ልታስመታን ነው እንዴ ልጄ!»

አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ መስታወት ላይ ሆኖ ቀጠልኩ። ከፊቴ የቆመውን ሚኒባስ ያወቅኩት የፍሬን መብራቱ በጉሙ ውስጥ እንደ ቀይ ፍም ሲታየኝ ነው። ለጥቂት ተረፍን።

የሚያናድደው ነገር፣ መፍትሔው እዚያው ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። አንድ ቁልፍ ነው። «ይሄ የበጋ ነው» ብዬ በክረምት ነክቼው የማላውቀው የኤሲ ቁልፍ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ፤ የሠራውንም ያልሠራውንም ልንገራችሁ።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ከእኛው ነው። ዝናቡ ውጪ ነው፤ ጉሙ ግን የሚሠራው ከውስጥ ነው።

ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ጎኑ ያልበዋል አይደል? ጠርሙሱ አላፈሰሰም። በክፍሉ አየር ውስጥ የነበረው እርጥበት ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ውሃ ሆኖ ነው። የመኪናችሁ መስታወትም ያው ጠርሙሱ ነው። ውጪው ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጡ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ይነካዋል፣ ከዚያ ጤዛ ይይዛል።

ትንሽ ሒሳብ ልጨምር፤ ነገሩን ያሳያል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት ቢበዛ 17 ግራም ያህል የውሃ እንፋሎት ይይዛል። በ10 ዲግሪ ግን የሚይዘው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የቀረው መውደቅ አለበት፤ የሚወድቀውም መስታወቱ ላይ ነው። የአንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ሦስት ሜትር ኩብ ያህል አየር ቢኖር ነው። መስታወቱ 10 ዲግሪ ከደረሰ፣ ያ ሁሉ አየር ሳያልበው ሊሸከም የሚችለው ውሃ 30 ግራም አይሞላም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ከ30 እስከ 50 ግራም ውሃ ያወጣል። አምስት ሰው ሲሆን በሰዓት ሁለት ሦስት ሲኒ ውሃ ማለት ነው። መስኮት ከተዘጋ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የረጠበ ነጠላና ጃንጥላ ሲጨመርበትማ አሥሩንም አይፈጅም።

አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ቀኑም ከ20 ብዙ አያልፍም። አየሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ለጉም ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያዋጣው። የውስጡን አየር ማድረቅ፣ መስታወቱን ማሞቅ። መጥረግ ከሁለቱም ውስጥ የለም። ስትጠርጉ ውሃውን ቦታ ታዛውሩታላችሁ እንጂ አየሩ ያው እርጥብ ነው፤ ይመለሳል።

መንገድ ላይ ናችሁ፤ መስታወቱ ነጣ

ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት አጥኑት። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ከኋላ ክላክስ እየተነፋባችሁ ቁልፍ መፈለግ አትወዱም።

መጀመሪያ ነፋሱን ወደ ፊት መስታወት አዙሩት፤ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ጨምሩ። ምልክቱ ከላይ ሰፋ ያለ የመስታወት ቅርጽ ነው፤ ሦስት የሚጥመለመሉ ቀስቶች ወደ ላይ ይወጡበታል። አራት ማዕዘን የሆነው የኋላው ነው። እሱን ቆይተን እናየዋለን።

ቀጥሎ፣ የመኪና ስዕል ውስጡ የታጠፈ ቀስት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና አጥፉት። ይህ ቁልፍ የውስጡን አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። አቧራና ጭስ ሲበዛ ጥሩ ነው። በክረምት ግን የራሳችሁን ትንፋሽ መልሶ ያጠጣችኋል። ብዙ ሾፌር በበጋ ከፊት ያለው መኪና ጭስ እንዳይገባበት ያበራውና እስከ መስከረም ረስቶት ይከርማል። የእኔም እንደዚያ ነበር።

ሦስተኛው ኤሲው ነው። አብሩት። አዎ፣ በብርድ። አዎ፣ ዝናብ እየዘነበ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድድብኛል፤ ስለዚህ ልቁም። ኤሲ ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ አየሩንም ያደርቃል። ዳሽቦርዱ ውስጥ በጣም የሚቀዘቅዝ ብረት አለ። አየሩ ሲያልፍበት እርጥበቱ እዚያው ብረቱ ላይ ውሃ ይሆንና በቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ኤሲ አብርቶ የቆመ መኪና ሥር የምታዩት ውሃ ያ ነው። የአምቦው ጠርሙስ ሥራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚያልበው መስታወታችሁ መሆኑ ቀርቶ ያ ብረት መሆኑ ነው። ደረቁ አየር ከዚያ በሂተሩ በኩል አልፎ ይሞቃል፤ ደረቅም ሙቅም ሆኖ መስታወቱ ላይ ይነፍሳል። ስለዚህ ኤሲና ሂተር አብረው ሊበሩ ይችላሉ። አይጣሉም።

ስለዚህ አራተኛው ሂተሩን መጨመር ነው። ሞተሩ ገና ካልሞቀ ሂተሩ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ነው የሚተፋው። ምንም አይደለም፤ ኤሲው ሞተሩ እስኪሞቅ አይጠብቅም፤ ወዲያው ማድረቅ ይጀምራል። ሙቀቱ ሲመጣ ሥራውን ይጨርሰዋል።

በብዙ አዳዲስ መኪኖች ያ የፊት መስታወት ቁልፍ አንዴ ሲጫን ሁሉንም በራሱ ያደርጋል። ኤሲውን ያበራል፣ የውጪውን አየር ይከፍታል፣ ማራገቢያውን ይጨምራል። በቆዩት ኮሮላዎች ግን እያንዳንዷን በእጃችሁ ነው። የእናንተው እንዴት እንደሆነ ፀሐይ ባለበት ቀን ቆማችሁ እዩት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው፣ መስታወቱ ሲጠራ ወዲያው ኤሲውን አታጥፉ። ያ ብረት ገና በውሃ ተሸፍኗል። ኤሲው ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቀጥል፣ ያ ውሃ ተመልሶ ይተንና በአንዴ መስታወቱን ያለብሰዋል። ልክ ቀለበት መንገድ ላይ ስትፈጥኑ ነው የሚደርስባችሁ። ማራገቢያውን ቀንሱ፣ ኤሲውን ግን እስክትደርሱ ተዉት። ሁለተኛው፣ ጨርሶ የማይታያችሁ ከሆነ ድርብ ፍሬቻ አብሩና ጥግ ያዙ። በእጅጌ እየጠረጉ መንዳት ጀግንነት አይደለም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

«ኤሲ ቤንዚን ይጠጣል» ትሉኛላችሁ። ይጠጣል። ግን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚጠጣው ፓራውልት ከማሠራት ይረክሳል። ጨርሶ የማይነካ ኤሲ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ነው፤ ለወራት ካልሠራ ጎሚኒዎቹ ይደርቁና ጋዙ ቀስ እያለ ያመልጣል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ማብራት ለራሱም ይጠቅመዋል።

የጎን መስታወቶችን አትርሱ። ዳሽቦርዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ መተንፈሻዎች ለእነሱ ነው የተሠሩት። ስፖኪዮው ወደሚታይበት የመስታወቱ ክፍል አዙሯቸው። ስፖኪዮ የማይታየው ሾፌር ግማሽ ዓይኑን የጨፈነ ነው።

ኤሲ ለሌለው፣ ወይም ጋዙ ላለቀ

አብዛኛው ሰው እዚህ ነው ያለው። የድሮ ዲኤክስ የምትነዱም፣ «ጋዝ ላስሞላ ላስሞላ» እያላችሁ ሁለት ዓመት የሞላችሁም።

መስኮት ነው መፍትሔያችሁ። ዝርግፍ አድርጎ መክፈት አያስፈልግም። ሁለት መስኮት፣ ተቃራኒ ጎን፣ ሁለት ጣት ያህል በቂ ነው። ከሾፌሩ ጎን ያለውን የፊቱን እና ከእሱ ዲያጎናል ያለውን የኋላውን። አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይወጣም። ሁለቱ ሲከፈቱ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። የውጪው አየር ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ቀዝቃዛ ስለሆነ የተሸከመው ውሃ ትንሽ ነው። ገብቶ ሂተሩ ሲያሞቀው ደግሞ ብዙ ውሃ የመጠጣት አቅም ያገኛል።

አሁን ዋናው ችግር መካኒክ የማይፈታው ነው። ተሳፋሪው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ሰው እየተነፈሰ፣ ረዳቱ በቆሻሻ ጨርቅ የሾፌሩን መስታወት እየጠረገ፣ አንድ ሰው መስኮት ሲነካ ከኋላ «ዝጋልን ብርድ ነው!» ይመጣል። ክርክር አታሸንፉም። እኔ የተማርኩት ድርድር ነው። ነፋስ የሚፈራ ሰው መሐል ይቀመጥ። መስኮቱ ከጭንቅላት በላይ ብቻ ይከፈት። ሂተሩ ወደ እግርም ወደ መስታወትም በሚነፍስበት ቦታ ይሁን፤ እግሩ የሞቀው ሰው ስለ ሁለት ጣት ክፍተት አያማርርም። በአብዛኛው።

ጥሩ ልማድም አለ። ሰው ከመግባቱ በፊት ሞተሩን አስነሱና መስታወቱ ላይ ንፋስ ልቀቁ። ቀድሞ ለብ ያለ መስታወት ቶሎ አያልበውም።

ማታ ከመግባታችሁ በፊት

ጠዋት መኪናው ውስጡ ሁሉ ነጭ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ሌሊቱን ውሃ አብሮት አድሯል ማለት ነው። ሰው የለም፣ ትንፋሽ የለም፤ ግን ምንጣፉ ርሷል።

የረጠበ ጃንጥላ፣ ካፖርት፣ የስፖርት ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ሁሉንም አውጡ። እግር ሥር ያነጠፋችሁትን ካርቶንም። ካርቶን ጭቃና ውሃ ይጠጣል፤ ጎበዝ ነው። ግን የጠጣውን ሌሊት ይተፋዋል። በየቀኑ ቀይሩት ወይም አውጥታችሁ አድርቁት። የላስቲክ ምንጣፍ ካላችሁ ላዩ ላይ ያቆረውን ውሃ ደጅ ድፉት።

የበዓል ሰሞን ልዩ ነገር አለ። እንቁጣጣሽ ዋዜማ የታጨደ ቄጠማና አደይ አበባ ጭናችሁ ስትሄዱ፣ መኪናው የሚያልበው በእሱም ነው። ትኩስ እንጀራና ድፎ ዳቦም እንፋሎታቸውን ይለቃሉ። እነዚህን የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርጓቸው። የሱቅ ቡናና ሻይ በክዳን ይሁን።

ላቫጆ ላይ ትልቅ ቅሬታ አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ መኪናዬን አሳጠብኩ። ልጆቹ ምንጣፎቹን በጎማ ውሃ አጥበው፣ ሁለት ጊዜ አራግፈው፣ እንደረጠቡ መለሷቸው። ላዩ ላይ የሚያምር ወረቀት አነጠፉበት። ሦስት ቀን መኪናዬ እንደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሸተተ፤ መስታወቱም ሦስቱንም ቀን ጠዋት ነጭ ነበር። አሁን በክረምት «ውስጡን በደረቅ ብቻ፣ ምንጣፉን ለእኔ ስጡኝ» እላለሁ። ቤት በረንዳ ላይ ነው የሚደርቀው።

መስታወቱን ከውስጥ ማጽዳት፤ ሰው የሚንቀው ሥራ

ጉም ከንጹሕ መስታወት ይልቅ በቆሸሸ መስታወት ላይ ይበረታል፤ ለዓይንም ይከፋል። የውስጡ መስታወት ደግሞ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አይደለም። የጣት አሻራ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ፀሐይ ሲመታው ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የሚወጣ ቅባት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲመጣባችሁ ዙሪያው ቀለበት እየሠራ ከተበተነ፣ ያ ቅባት ነው። ላቫጆዎች ዳሽቦርዱ እንዲያብረቀርቅ የሚረጩት ሽታ ያለው ነገርም መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። «አትርጩብኝ» በሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋችኋል፤ ማይክሮፋይበር ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነ ብዙ ጊዜ የታጠበ ያረጀ የጥጥ ቲሸርት። አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። መጀመሪያ ውሃና አቼቶ እኩል ቀላቅሉ። ወይም ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ አልኮል ካላችሁ፣ ፈሳሹን እንጂ ጄሉን አይደለም፣ እሱም ቅባት ይቆርጣል። በሩን ክፈቱ፤ ሽታው ይወጣል። ሲጋራ ከአጠገባችሁ አይኑር። መስታወቱ ላይ አትርጩ፤ ጨርቁ ላይ ነው የሚረጨው፣ ያለዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ጨርቁን ገልብጡት። በመቀጠል በደረቁ ከግራ ወደ ቀኝ። አቅጣጫውን የምትቀይሩት ለምክንያት ነው። መስመር ከቀረ፣ የቆመ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር ነው፤ የተኛ ከሆነ የሁለተኛው።

የፊቱ መስታወት ከታች ከዳሽቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ ጥግ እጅ አይደርስበትም። መዳፋችሁን ገልብጡና በእጃችሁ ጀርባ ጨርቁን ግፉት። ይደርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጉት ጨርቁን እዩት። ግራጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቲንት የተለጠፈበት መስታወት ላይ ግን አልኮልም አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃም አትጠቀሙ። ፊልሙን ያበላሸዋል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ብቻ።

ከጸዳ በኋላ አንድ የድሮ ብልሃት አለ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ መስታወቱ ላይ በስሱ ቀቡ። ይድረቅ። ከዚያ መስታወቱ እስኪጠራ በደረቅ ጨርቅ አሹት። የጢም መላጫ አረፋም ያው ነው። ሳሙናው ውሃው ጥቃቅን ጠብታ እንዳይሠራ ይከለክለዋል፤ ተዘርግቶ ስስ ንጣፍ ይሆንና ያሳያል። ለጥቂት ቀን ይቆያል። ልጆች በጣታቸው ስዕል ከሳሉበት ያኔውኑ አለቀ። በደንብ ካልታሸ ደግሞ ማታ መብራት ይበትናል። እኔ ለጎንና ለኋላ መስታወት እወደዋለሁ፤ ለፊቱ ብዙም አላምነውም።

ሁሉንም አድርጌ አሁንም ያልበዋል

እንግዲያው የሆነ ቦታ ውሃ እየገባ ነው። መፈለግ ነው።

ማታ የቆየ ጋዜጣ ምንጣፉ ሥር፣ በአራቱም እግር ማሳረፊያ አንጥፉ። ጠዋት የትኛው እንደረጠበ እዩ። በእጅ ከመዳሰስ ይሻላል፤ የቀዘቀዘ ምንጣፍ ለእጅ ሁልጊዜ እርጥብ ይመስላል።

የፊት ተሳፋሪው በኩል ከረጠበ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው የኤሲው የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ነው። በአቧራና በጭቃ ይደፈናል፤ ውሃው ወደ መሬት መውረድ ሲያቅተው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ኤሲ አብርታችሁ ሩብ ሰዓት ቆማችሁ መኪናው ሥር ጠብ የሚል ነገር ከሌለ፣ እሱን አስጸዱ። ሁለተኛው ከኮፈኑ ጫፍ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው መውረጃ ነው። መኪናችሁን ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ሥር የምታቆሙ ከሆነ ኮፈኑን ክፈቱና እዩ። ቅጠሉ እዚያ ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ውሃው ይቆርና በአየር ማስገቢያው ይገባል። በእጅ የሚወጣ ነገር ነው። እኔ ከአንዱ ጓደኛዬ መኪና አንድ ፌስታል ሙሉ አውጥቻለሁ።

ሦስተኛው ደስ አይልም። መስታወቱ ላይ የሚሠራው ጉም የሚያጣብቅና ቅባት ያለው ከሆነ፣ ሽታው ጣፋጭ ጣፋጭ ካለ፣ የራዲያተራችሁም ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ትንሹ የሂተር ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። ይህን በሳሙናም በመስኮትም አትሸውዱትም። ጋራዥ ነው። ኩላንቱ መርዛማ ስለሆነ ምንጣፉ ላይ ከፈሰሰ ልጅና ውሻ አይጠጉት።

ከበር በኩል ከሆነ ጎሚኒውን እዩ። አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉትና ጎትቱት። እየታገለ ከወጣ ጎሚኒው ይይዛል። ሾልኮ ከወጣ እዚያ ጋ ደክሟል። ዙሪያውን እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

የኤሲ ፊልትሮ የሚባለውንም ጠይቁ። በብዙ ቶዮታዎች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ነው። የዓመት አቧራ ከጠጣ ማራገቢያው ይጮሃል እንጂ አይነፍስም። ማውጣትና ማስገባት አምስት ደቂቃ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ አትክፈሉ።

የኋላው መስታወት

እዚያ ላይ የምታዩዋቸው ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ጌጥ አይደሉም፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሽቦዎች ናቸው። አራት ማዕዘኑን ቁልፍ ተጫኑ፤ በጥቂት ደቂቃ መስመር በመስመር ሲጠራ ታያላችሁ። ባትሪ ስለሚበላ ሞተር ጠፍቶ አታብሩት። አንድ መስመር ብቻ ካልጠራ እዚያ ጋ ተቆርጧል። ስቲከር በምላጭ የሚልጥ ሰው ነው የሚቆርጠው። ስታጸዱም መስመሩን ተከትላችሁ ወደ ጎን ጥረጉ።

ጉሙ ውጪ ከሆነስ?

በጣት ከውስጥ ንኩት። ካልጠራ ጉሙ ውጪ ነው። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ መስታወቱን ያቀዘቀዘው የእናንተው ኤሲ ነው፣ እርጥቡ አየር ደግሞ የውጪው ነው። ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ጅዳ የምትነዱ በነሐሴ ታውቁታላችሁ። የዝናብ መጥረጊያውን አንዴ አብሩ፣ የኤሲውን ቅዝቃዜ ቀንሱ፣ ንፋሱን ከመስታወቱ ላይ አንሱት። በቃ።

ጣርማ በር ላይ የሚገጥማችሁ ግን ሌላ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ያ ደመና ነው። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ምንም ቁልፍ አይገፈውም። ቢያንስ የውስጡን ጉም ቀድማችሁ አጥፉ፣ በሁለት ጉም ውስጥ አትንዱ።

ውርጭና በረዶ

ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መኪና ደጅ ያሳደረ፣ ጠዋት ውርጭ ያገኛል። ሙቅ ውሃ አትድፉበት። ቀዝቃዛ መስታወት በድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክ ካርድ ፋቁት፣ ሂተሩን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ማታ ካርቶን ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከውጪ ማልበስ ሁሉንም ያስቀራል።

ሚኒሶታና ዴንቨር ላላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ከዜሮ በታች በብዙ መኪኖች የኤሲው መጭመቂያ ራሱ አይነሳም። ግድ የለም። በዚያ ብርድ የውጪው አየር ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲቀነስ 10 ዲግሪ ላይ በሜትር ኩብ ከሁለት ግራም ብዙ አያልፍም። የውጪውን አየር ክፈቱ፣ አሙቁት፣ ያደርቃል። ትልቁ ጠላታችሁ ጫማ ላይ ይዛችሁ የምትገቡት በረዶ ነው። ሁለቱን እግር ውጪ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ጫማውን አጋጩት፣ ከዚያ ግቡ።

የኤሌክትሪክ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ አሁን ብዙ ናቸው። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ማስገባት በ2024 እ.ኤ.አ. ከተከለከለ ወዲህማ ጨምረዋል። እነዚህ የሚጋል ሞተር የላቸውም፤ ሙቀቱ ከባትሪ ነው የሚመጣው። ባትሪ እንዳይጨርስባቸው ብለው ሁሉን አጥፍተው፣ መስታወቱ ነጥቶ የሚነዱ አይቻለሁ። ቻርጅ ላይ እያለ ከመነሣታችሁ በፊት አሙቁት፤ ያኔ ከግድግዳው እንጂ ከባትሪው አይወስድም። መንገድ ላይ ደግሞ ሙቀቱን ዝቅ፣ ኤሲውን ለማድረቂያ ያህል። የመቀመጫ ማሞቂያ ካለው እሱ ርካሽ ነው።

እርጥበት ይጠጣሉ የሚባሉትንም፣ ጨው በጨርቅ፣ ሩዝ በካልሲ፣ ከሰል በሳጥን፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡት ትንንሽ ከረጢቶች፣ ሞክሬያቸዋለሁ። ሩዙ ምንም። ከረጢቶቹ ደግ ናቸው፣ ግን የሚጠጡት በጣት የሚቆጠር ጠብታ ነው። ጨው ውሃ ይስብና ራሱ ይቀልጣል፣ ከዚያ ብረት ያዝጋል፤ መኪና ውስጥ አይግባ።

አክስቴ አሁንም አብረውኝ ይሄዳሉ። ነጠላቸውን በሩ ላይ ሁለት ጊዜ አራግፈው ነው የሚገቡት፤ ይህን አስለምጃቸዋለሁ። መስኮቱን ግን እስከ ዛሬ አያስነኩም። ኤሲውን ሳበራ «ምንድነው ያ?» ብለው ጠየቁኝ። «ማሞቂያው ነው እትዬ» አልኳቸው። እግራቸው ላይ ሙቅ ንፋስ መጣ። «ተባረክ» አሉ።